የድሮ ሳቅ ሲመለስ፦ ስለ ፊልም መጻፍ ለጀመረችው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣

ስለ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ሁለተኛ ክፍል እየጻፍሽ መሆኑን እናትሽ ነግራኝ ረቂቅሽን አነበብኩት። ቋንቋሽ ጥሩ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልልሽም። ያሳሰበኝ አፈራረድሽ ነው። ተመልካቹን «የድሮውን አበላሹት» በሚሉና «እኛ ደስ ብሎን አየነው» በሚሉ ለሁለት ከፍለሽ፣ የየትኛው ወገን ድምፅ እንደሚበዛ አይተሽ ለበዛው ፈርደሻል። እንደዚያ ከሆነ አንቺ ለምን ትጽፊያለሽ? ቁጥሩን ማንም ማየት ይችላል። ሰው አንድን ፊልም አይቶ ሲናደድም ሆነ ሲደሰት ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱን ራሱ በቅጡ አያውቀውም። እሱን ፈልጎ ማውጣት ነው ሥራሽ። ዕድሜ ደጉ ሁለቱንም ፊልሞች በወጡበት ጊዜ ለማየት ስላበቃኝ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሰዉ የናፈቀው ምን እንደሆነ እወቂ። የመጀመሪያው ፊልም ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ክረምት መግቢያ ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። ኤዲ መርፊ ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ታሪኩን ታውቂዋለሽ። ዛሙንዳ የምትባል በካርታ ላይ የሌለች የአፍሪካ አገር ልዑል፣ አኪም፣ ወላጆቹ ያጩለትን ሙሽራ ትቶ፣ ዘውዱን ሳታይ እሱን የምትወድ ሴት ፍለጋ ከጓደኛው ከሴሚ ጋር ኒው ዮርክ ይገባል። ኩዊንስ ውስጥ «ማክዳውልስ» በሚባል በርገር ቤት ተቀጥሮ ወለል ይወለውላል። ጆን ላንዲስ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ፊልሙን የራሳችን ያደረግንበት ምክንያት ነበረን። የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የገባው ወገናችን አብዛኛው በፓርኪንግ፣ በሆቴል ጓዳና በታክሲ ነበር ኑሮን የጀመረው። አገር ቤት አስተማሪ፣ መኮንን፣ የሹም ልጅ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ የሰው መኪና ቁልፍ ሲቀበል ይውላል። አኪምና ሴሚ ኩዊንስ በደረሱበት ቀን ሻንጣቸው ከደጅ ተሰርቆ፣ የሰፈሩ ሰው የልዑሉን ልብስ ለብሶ ሲንጎራደድ ታያለሽ። የተከራዩት ክፍል ወለል ላይ የሟች ቅርጽ በጠመኔ ተስሎ ይቆያቸዋል። አኪም ግን በዚህ ሁሉ ደስተኛ ነው፤ መወልወያውን ይዞ ባልዲ ሲገፋ ፊቱ ያበራል። እኛ ያንን ስናይ የሳቅነው ሳቅ አጠገባችን የተቀመጡት አሜሪካኖች ከሳቁት ይለያል። እሱ ፈልጎ የገባበትን እኛ ሳንፈልግ ገብተንበት ነበርና፣ አንድ ሰው መጥቶ «ይህ ሥራ አያዋርድም» ያለን ያህል ነው የተሰማን። እናትሽን ጠይቂያት። ያኔ የሌሊት ፈረቃ ነበረች፤ ቪዲዮ ካሴቱን ተከራይታ ስንቴ እንዳየችው እሷ ትንገርሽ።

ይህን የምነግርሽ የኛን ዘመን ለማወደስ አይደለም። «አበላሹት» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ፊልም ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። በልቡ ያለችው ያቺ የሌሊት ፈረቃ፣ ያቺ የኪራይ ክፍል ናት። ማንም ዳይሬክተር እሷን ሊመልስለት አይችልም። ስለዚህ የሰዉን ቅሬታ ስትሰሚ አንድ ጥያቄ አስቀድሚ፤ ይህ ሰው የሚወቅሰው ፊልሙን ነው ወይስ ያለፉትን 33 ዓመታት? ዓመታቱን የሚወቅሰውን ስሚው፣ እዘኝለትም፤ በፊልሙ ላይ ግን በእሱ ቃል አትፍረጂ።

አሁን ወደ ፀጉር ቤቱ እንግባ፤ እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በመጀመሪያው ፊልም «ማይ ቲ ሻርፕ» የተባለው የኩዊንስ ፀጉር ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ ቦክስ ይከራከራሉ። ጆ ሉዊስ ይበልጣል፣ የለም ሮኪ ማርሲያኖ፣ የለም ሙሐመድ አሊ። ባለቤቱን ክላረንስን የሚጫወተው ራሱ ኤዲ መርፊ ነው። ሌላው ፀጉር ቆራጭ፣ ሞሪስ፣ ሴሚን ሆኖ የሚጫወተው አርሴኒዮ ሆል ነው። ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚሟገተው ነጭ አይሁዳዊ ሽማግሌ፣ ሶል፣ እሱም ኤዲ መርፊ ነው። የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር ለዚህ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል። ብዙ ተመልካች ነገሩን ያወቀው ፊልሙ አልቆ የተዋንያኑ ስም ሲያልፍ ነው። እኔ ባየሁበት አዳራሽ ሊወጣ የተነሳው ሰው ሁሉ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ቀረ።

ያ ትዕይንት የሚያስቀው በሜካፑ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንድ የ27 ዓመት ወጣት የሰፈሩን ሽማግሌዎች በደንብ አጥንቷቸዋል። ሶል ቃል ሲጎትት፣ ክላረንስ ሲሸነፍ ድምፁን ሲያወጣ፣ ሁሉም እየተሰዳደቡ ማንም ተነስቶ አለመሄዱን ልብ በዪ። ሳቁ ከመመልከት የመጣ ነው፤ ከፍቅርም ጭምር። ሁለተኛው ፊልም በ2021 ሲወጣ እነዚያው ሽማግሌዎች እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ተገኙ፤ በፊልሙ ቅር የተሰኙት ሳይቀሩ ይህን ትዕይንት ያመሰግናሉ። ለምን ይመስልሻል? ሽማግሌዎቹ አዲስ ክርክር ስለያዙ ነው። የድሮውን የቦክስ ሙግት ቃል በቃል አልደገሙትም፤ ጠባያቸውን ይዘው ስለ ዛሬው ነገር ነው የሚነታረኩት።

ኢማኒን ደግሞ ተመልከቺ። በመጀመሪያው ፊልም ለአኪም የታጨችው ሙሽራ ናት። የልዑሉን ፈቃድ ብቻ እንድትፈጽም ሆና አድጋለች፤ እሱ ለብቻዋ ወስዶ የምትወጂው ምንድን ነው ሲላት፣ የምትወደው እሱ የሚወደውን ብቻ እንደሆነ ትመልሳለች። ተስፋ ቆርጦ በአንድ እግርሽ እየዘለልሽ እንደ ውሻ ጩኺ ይላታል፤ ትጮኻለች። ያ ሳቅ ውስጥ ሐዘን አለ። አኪም አገሩን ጥሎ የሚሄድበት ምክንያት በዚያች ደቂቃ ተነግሮ ያልቃል። በሁለተኛው ፊልም ኢማኒ ከሠላሳ ዓመት በኋላም እየዘለለች ስትጮኽ እናያታለን። ሰዉ ያወቃትን አይቶ ሳቀ። ይህ የመተዋወቅ ሳቅ ነው፤ «ይህችን አውቃታለሁ» የሚል ሳቅ። ከዚያ አልፎ የሚነግረን ነገር የለም። እንዲያውም ቆም ብለሽ ብታስቢው ጭካኔ አለበት፤ አንዲት ሴት ዕድሜዋን በሙሉ በአንድ ቃል ታስራ ቀርታ ፊልሙ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁለቱን ሳቆች ለይተሽ ማወቅ ካልቻልሽ ስለ እንደነዚህ ያሉ ፊልሞች መጻፍ አትችዪም። መለያው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን ፊልም ያላየ ሰው አጠገብሽ ቢቀመጥ ይስቃል ወይ? ምሳሌውን ከዚያው ከ1988ቱ ፊልም ውሰጂ። አኪም አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ለሚያድሩ ሁለት ሽማግሌዎች በወረቀት ከረጢት የሞላ ገንዘብ ይሰጣል። እነዚያ ሽማግሌዎች በ1983 በወጣው «ትሬዲንግ ፕሌስስ» ላይ ኤዲ መርፊ ለድህነት የዳረጋቸው ባለጠጋ ወንድማማቾች ናቸው፤ ተዋንያኑም ራልፍ ቤላሚና ዶን አሚቺ ራሳቸው ናቸው። የቀድሞውን ፊልም ያየ ሰው ከወንበሩ ይወድቃል። ያላየው ደግሞ አንድ ደግ ልዑል ሳይቆጥር ሲሰጥ ያያል፤ ምንም አልቀረበትም። የድሮን ነገር መጥራት ነውር የለውም፤ እንዲህ አድርጎ መጥራት የቻለ ይጥራ።

እስካሁን የነገርኩሽ ለከሳሾቹ የሚያደላ ሊመስልሽ ይችላል። አሁን ደግሞ እነሱ ያላዩትን ላሳይሽ፤ ለኔ የሁለተኛው ፊልም ትልቁ ነገር ይህ ነው።

አኪም ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት። ታላቋ ሚካ ለዙፋን ተዘጋጅታ አድጋለች፤ ሕጉ ግን ወንድ ወራሽ ይላል። ያ ወግ አልቀበልም ብሎ ውቅያኖስ ያቋረጠው ልዑል፣ እሱ ራሱ ወግ ጠባቂ ሆኖ የልጁን ፊት እያየ ዝም ይላል። ይህን ያሰበ ሰው ድንቅ ነገር አስቧል። በወጣትነቱ አባቱን የተቃወመ ሁሉ አርባና ሃምሳ ሲሞላው የአባቱን ድምፅ ከገዛ አፉ ሲወጣ ይሰማል። እኛ ስደተኞች ደግሞ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ልጆቻችን የሚከሱን በዚሁ ነው፣ አንቺም እናትሽን ከሰሻታል። የመጀመሪያውን ፊልም በሃያ ዓመታችን ያየን ሰዎች በ2021 አኪምን ሆነን ነበር።

ፊልሙ ግን ይህን በእጁ ይዞ ፈራው። አኪም ሳያውቀው ኩዊንስ የተወለደ ወንድ ልጅ፣ ላቬል፣ ተገኘ ተብሎ ታሪኩ ወደ እሱ ሮጠ። ሚካ ጥግ ይዛ ቆየች፤ በመጨረሻ ሕጉ ሲለወጥላትም የተለወጠው በጥድፊያ ነው። ላቬል የተፀነሰበት ታሪክም ያሳዝነኛል። አኪም በ1988 አንድ ሌሊት አጢሶ ራሱን ባልተቆጣጠረበት ሰዓት የሆነ ነገር ነው፤ ፊልሙ እንደ ቀልድ አልፎታል። በአኪም ቦታ ሴት ብትሆን ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር ብለው የጻፉ ተመልካቾች ትክክል ናቸው፤ ይህን ረቂቅሽ ውስጥ አስገቢው።

እንግዲህ የምመክርሽ ይህ ነው፤ «የድሮውን ይመስላል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። በእጁ የነበረው ምን ነበር፣ ምንስ አደረገበት ብለሽ ጠይቂ። እንዲህ ስትጠይቂ ፊልሙን ከወዳጆቹም ከጠላቶቹም በላይ ታከብሪዋለሽ፣ ወቀሳሽም የበለጠ ይከብዳል።

ተመልካቹ የት ሆኖ እንዳየውም አትርሺ። ረቂቅሽ ይህን ጨርሶ አላነሳውም። ፊልሙ የተሠራው ለሲኒማ ቤት ነበር። ኮሮና መጥቶ አዳራሾች ሲዘጉ ፓራማውንት ለአማዞን ሸጠው፤ ዋጋው ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። በመጋቢት 2021 ሰዉ በየቤቱ፣ ሶፋው ላይ፣ ብዙውም ብቻውን አየው። አሳዛኝ ፊልም ብቻሽን ልታዪው ትችያለሽ፤ ቀልድ ግን የሰው ሳቅ ይፈልጋል። 1988 ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የማላውቀው ሰው ሲንፈራፈር እኔም ያልገባኝን እንግሊዝኛ አብሬ ስቄበታለሁ። በ2021 ቀልዱ ተነግሮ ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ነበር። ክሬግ ብሩወር ያዘጋጀው ፊልም ድካም አለበት፤ ግን የተፈረደበት ከሙሉ አዳራሽ ጋር ተነጻጽሮ መሆኑን መናገር ፍትሕ ነው። ደረጃውም ተለውጧል፤ የድሮው ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ የማይገባበት ነበር፣ አዲሱ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲሆን ተለዝቧል። አንደበቱ ታሰረ ያሉት ሰዎች ይህ ነው የተሰማቸው።

ስለ ቁጣ ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ። የላቬልን እናት ሆና የምትጫወተውን ሌስሊ ጆንስን አይተሻታል። በ2016 «ጎስትባስተርስ» በሴቶች ተዋንያን እንደ አዲስ ሲሠራ ከአራቱ አንዷ ነበረች። ፊልሙ ገና ሳይወጣ፣ ማስታወቂያው ብቻ ታይቶ፣ «ልጅነታችንን ነኩብን» ያሉ ሰዎች ዘመቱበት። በሐምሌ ወር በትዊተር የዘረኝነት ስድብ ዘነበባትና ለጊዜው ትታው ወጣች። ትዝታን መውደድ እዚህ ድረስ ሊወስድ ይችላል። ፊልም አለመውደድ የማንም መብት ነው፤ ሳያዩ መጥላት፣ ጥላቻውንም በአንድ ሰው ገላ ላይ ማራገፍ ግን ክፋት ነው። እንዲህ ያለውን ድምፅ «የተመልካች አስተያየት» ብለሽ ከሌላው እኩል አታስቀምጪው። ሌስሊ ጆንስ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚህኛው ፊልም ላይ ቆማ ሰዉን ስታስቅ በማየቴ እኔ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሁለተኛው ፊልም የአኪም አባት፣ ንጉሡ ጃፊ ጆፈር፣ መሞቻው ሲደርስ፣ ቀብሬን በሕይወት ሳለሁ ልየው ብሎ ሥርዓቱን ያዛል። እኛ አገር የቁም ተዝካር እንደሚባለው ነው፤ እናትሽ ስታየው ወዲያው ገብቷታል። ሞርጋን ፍሪማን ይናገራል፣ ግላዲስ ናይት ትዘፍናለች፣ ንጉሡ ተኝቶ ይሰማል። በ2021 ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት የታዋቂ ሰዎች መታያ ነው ብሎ አልፎታል። ንጉሡን የተጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስ ግን በመስከረም 2024 አረፈ። የበርገር ቤቱ ባለቤት ክሊዮ ማክዳውል የነበረው ጆን ኤሞስም በዚያው ክረምት ሞተ። በዚያው በርገር ቤት ሠራተኛ የነበረው ሉዊ አንደርሰን ከሁለቱም ቀድሞ በጥር 2022 ሄዷል። ንግሥቲቱ ማጅ ሲንክሌር ለሁለተኛው ፊልም አልደረሰችም፤ በ1995 ነው የሞተችው። ዛሬ ያን ትዕይንት ስታዪው የተሠራበትን ቀን ያህል ቀሎ አይታይሽም። ሠሪዎቹ ይህን አስበው ነበር ወይ አልልሽም፤ ግን ለሁለተኛው ፊልም የደረሱት በሕይወት ሳሉ ተጠርተው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ እጅ ነሥተው ሄደዋል። «ለምን መለሷቸው?» ብሎ የተቆጣ ሰው ይህን መልስ ይሰማ። ለኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ፊልሙ መሠራቱ ተገቢ ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውልሽ፤ ሁለተኛው «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ደካማ ፊልም ነው፣ ድካሙም የድሮውን ስላልመሰለ ሳይሆን የአባትነቱን ታሪክ ይዞ ስለሸሸ ነው። በዚህ ላትስማሚ ትችያለሽ። ብትቃወሚኝ ደስ ይለኛል፤ ብቻ ትዕይንት ጠቅሰሽ ተቃወሚኝ እንጂ የሰው ብዛት አትጥሪብኝ።

ረቂቁን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና እናትሽ እረፍት በሆነችበት ቀን የመጀመሪያውን ፊልም አብረሻት እዪ። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪ። የት ላይ እንደምትስቅ፣ የት ላይ ዝም እንደምትል ያዢ፤ ሲያልቅ ለምን እንደሆነ ጠይቂያት። በማግስቱ ሁለተኛውን እዩት፤ የመጀመሪያውን ያላየ ታናሽ ወንድምሽንም አስቀምጪው። ከዚያ ተነስተሽ ጻፊና ላኪልኝ፤ እስክትልኪ እጠብቃለሁ።